በአሮጌ የጭነት መኪና መሪ ላይ የሚሰማ ድምፅ መነሻው እንዴት እንደሚታወቅ

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ገብስ፣ ምስር፣ በግና የሱፍ ባና ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ፣ በመልሱም ስኳር፣ ዘይትና ቆርቆሮ የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ሥራው የተመሠረተው ዕድሜው በገፋ የጭነት መኪና ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ ወዲህ አሮጌውን በሌላ አሮጌ መተካት ቀላል አልሆነም። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባለ ንብረቱም ሒሳብ ሆኗል።

ሾፌሩ «መሪው ይጮኻል» ብሎ ሲያመለክት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመሪውን ፓምፕ ወይም የመሪውን ሳጥን መለወጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከመሪው ክፍሎች ሁሉ ውድ ናቸው። ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ዕቃው ከተለወጠ በኋላ ያው ድምፅ ተመልሶ ሲሰማ ነጋዴው ዕቃውን የሸጠለትን ባለ ሱቅ ይወቅሳል፤ ባለ ሱቁም አስመጪውን ይወቅሳል። ነገር ግን ጥፋቱ የዕቃው ላይሆን ይችላል። ብረት ድምፅን አሳልፎ ይሰጣልና፣ ከፊት እግር የተነሣ ኳኳታ በመሪው ዘንግ በኩል ወጥቶ ሾፌሩ እጅ ላይ የተወለደ ይመስላል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሣት በፊት ሾፌሩ በሚገባ መጠየቅ አለበት። ድምፁ የሚሰማው ጧት ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ነው ወይስ በጠጠር መንገድ ሲሄድ? መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ብቻ ነው ወይስ በትንሽ መዞርም?

የአገራችን የአየር ጠባይ በዚህ ረገድ ያሳስታል። በመርሐ ቤቴ መንገድ በለሚ ደጋ ያደረ መኪና ጧት መሪው ሲዞር ያቃስታል፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ግን ዝም ይላል። ሾፌሩም ድኗል ብሎ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። እንዲህ ያለው ማቃሰት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የመሪው ዘይት በብርድ ወፍሮ ፓምፑ ለመሳብ ስለሚቸገር ነው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም ጠቁሮ እንደ ሆነ ፋብሪካው ባዘዘው ዓይነት ዘይት መለወጥ ይበቃል። በሙቀትም በብርድም የሚያቃስት ከሆነና በዘይቱ ዕቃ ውስጥ አረፋ ከታየ፣ ዘይቱ ጎድሎ ወይም የመሳቢያው ጎማ ቱቦ ላልቶ ወይም ተሰንጥቆ አየር እየገባ ነው። ፓምፑ የሚጠረጠረው ዘይቱ ንጹሕና ሙሉ፣ ቱቦውም ደኅና ሆኖ ማቃሰቱ ካልቆመ ነው።

መሪው እስከ ዳር ሲታጠፍ ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት የላላ ወይም ያለቀ ችንጋ ምልክት ነው። በዚያው ጊዜ የሚሰማው የ«ሽ» ድምፅ ግን ግፊቱ በማስተንፈሻው ሲያልፍ የሚፈጠር እንጂ ብልሽት አይደለም። ቢሆንም መሪውን ዳር አድርሶ ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ዘይቱን ያግላል፤ ፓምፑንም ይጎዳል።

ከሁሉ ይልቅ ልንፈራው የሚገባን በሸካራ መንገድ ላይ ኳ ኳ የሚለው ነው። ለዚህ ምርመራ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። መኪናው በሜዳ ላይ በአራቱም እግሩ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረጋል። መሪው በዘይት የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ይነሣል። አንዱ ሰው መሪውን በአጭሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ፣ ሌላው ከማራገቢያውና ከችንጋው እጁን አርቆ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በመዳፉ ይዳስሳል። የላላው መገጣጠሚያ ለእጅ ይታወቃል፤ ጆሮ ሲሳሳት እጅ አይሳሳትም ማለት ይቻላል።

ምርመራው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ በመሪው ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ ነው፤ ሲደርቅ ወይም ሲያልቅ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ብዙውን ጊዜም በከንቱ የሚከሰሰው የመሪ ሳጥን ነው። ቀጥሎ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ብሎኖች ይታያሉ። ከዚያ ቴስቲናዎቹ አንድ በአንድ ይዳሰሳሉ። የቴስቲና ጎማ ልባስ ከተቀደደ የመንዝ መንገድ አቧራ በበጋ፣ ጭቃው በክረምት ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቴስቲና ፈጽሞ ከተለያየ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልግም። ስለዚህ ቴስቲናው የላላ ወይም የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ የጎደለ መኪና ጭኖ መሄድ የለበትም።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ሲጢጥ የሚል ከሆነ የደረቀው የፊት እግር ፔርኖ ሊሆን ይችላል። ግራሶ ጠጥቷል ተብሎም ድምፁ ያልጠፋ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ክብደቱ ሳይነሣለት መቀባቱ ነው። የፊቱ አክስል በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ግራሶው ክብደት ወደሚሸከመው ፊት ይገባል። የባሌስትራ መያዣ ፔርኖዎችም ሲደርቁ ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣሉና አብረው ይቀቡ።

ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። የጋራዣችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ቴስቲና ማለትም «ትንሽ ራስ» ማለት ነው። የፋብሪካው ካታሎግ ግን «ታይ ሮድ ኤንድ» ይለዋል፤ በዚህ የስም ልዩነት የተነሣ የተሳሳተ ዕቃ ይታዘዛል። ዕቃ ሲታዘዝ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ቢጻፍና የወለቀው ዕቃ ናሙና ሆኖ ቢቀርብ ይሻላል። ደግሞም በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ የሚገቡት ቴስቲናዎች የአንዱ ጥርስ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ስለሚዞር፣ አንዱን ዓይነት ብቻ አከማችቶ የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛውን ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን በከንቱ ያመላልሰዋል።

ቴስቲና ሲለወጥ አሮጌው በስንት ዙር እንደ ወለቀ ቢቆጠርና አዲሱ በዚያው ልክ ቢገባ የጎማዎቹ አቅጣጫ ለጊዜው ወደ ቀድሞው ይቀርባል። አላይመንቱ ግን በመሣሪያ መታየቱ አይቀርም፤ አለዚያ የፊት ጎማዎች በአንድ ጎን ቶሎ ያልቃሉ፤ በቴስቲናው የተቆጠበው ገንዘብም በጎማ ይወጣል። ከመጀመሪያው ምልልስ በኋላ መኪናው ጭነቱን አራግፎ ዳዶዎቹና መቆለፊያ ሽቦዎቹ እንደገና ይታዩ።