ቁራሽ እንጀራ መመዝገቢያ አይከፍልም

ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቆሎ ተማሪ እናት አባቱን ትቶ ይመጣል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ወላጁ ባይኖርም መንደሩ ያስተምረዋል።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝስ? በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በግል ድጋሚ ልፈተን የሚል መመዝገቢያውንም ትራንስፖርቱንም ከኪሱ ነው። ቤተሰብ ከሌለውስ?

እኔ እንደሚገባኝ ችግሩ የብሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ አለመገኘቱ ነው። ገበሬ ጎተራ ውስጥ እህል አለ፤ ምዝገባው ግን ጥሬ ብር ይፈልጋል፣ ቀኑም ያልፋል። እድራችን ለቀብር እንደሚያዋጣ ለፈተናም ያዋጣ። ሰፈራችሁ ብቻውን የሚያጠና ልጅ ካለ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ «ከፈልክ ወይ?» በሉት።