የመለያ ምት መቺዎች ቅደም ተከተል እንዴት ይወሰናል?

የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። በታኅሣሥ ወር 1980 ዓ.ም. በዚህ ስታዲየም የተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በኢትዮጵያና በዚምባብዌ መካከል 1 ለ 1 ከተጠናቀቀ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይህንኑ ውድድር ስታስተናግድ ደግሞ ቡድኑ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ለመለያ ምት የቀረበ ሲሆን፣ በሩብ ፍጻሜ ታንዛኒያን፣ ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ ሱዳንን ሲያሸንፍ በግማሽ ፍጻሜው በኡጋንዳ ተሸንፏል።

እንዲህ ባሉ ጊዜያት አሠልጣኙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አምስት መቺዎችን መርጦ በተራ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ቡድኑ ከተሸነፈ በማግስቱ በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚነሳው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ምርጡ መቺ ለምን ቀድሞ አልመታም? ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ነገሩ በስሌት ሲታይ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው።

የመለያ ምት የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብፅ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ደንቡ ገና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት ያለ ግብ ሲለያዩ፣ ለፍጻሜ የሚያልፈው ቡድን የታወቀው ሳንቲም ተወርውሮ ነበር።

በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ለመምታት የሚፈቀድላቸው ጨዋታው ሲያበቃ በጨዋታ ላይ የነበሩት ተጫዋቾች ናቸው። በዕጣ ያሸነፈው ቡድን ቀድሞ ወይም ተከትሎ መምታትን ይመርጣል። ብዙ ተመልካች የማያውቀው ነገር ቢኖር ቡድኖች የመቺዎቻቸውን ቅደም ተከተል ለዳኛው የማሳወቅ ግዴታ የሌለባቸው መሆኑ ነው። በመሆኑም አሠልጣኙ ምቱ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን ገና ያልመቱትን ተጫዋቾች ተራ ሊያቀያይር ይችላል።

በዓለም አቀፍ ውድድሮች ከሚመቱት አራት የመለያ ምቶች ሦስቱ ያህል ግብ ይሆናሉ። ይህን መነሻ ይዞ ሲሰላ፣ ከ100 የመለያ ምት ውድድሮች መካከል ቀድሞ የሚመታው ቡድን አራተኛ ተጫዋች በ99ኙ፣ አምስተኛው በ79ኙ ለመምታት ይደርሳቸዋል። ተከትሎ በሚመታው ቡድን ግን አራተኛው በ92ቱ የሚደርሰው ሲሆን፣ አምስተኛው የሚደርሰው በ56ቱ ብቻ ነው። በቀሩት 44 ውድድሮች አሸናፊው ቀድሞ ስለሚታወቅ አምስተኛው መቺ ቆሞ ከማየት በስተቀር ድርሻ አይኖረውም።

ከዚህ ተነስቶ ምርጡን መቺ ለመጨረሻ ማቆየት ስህተት ነው ማለት የሚቀል ይመስላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በያውንዴ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተከትላ የመታችው ግብፅ መሐመድ ሳላህን ለአምስተኛው ምት አቆየች። ሴኔጋል 4 ለ 2 ስታሸንፍ ሳላህ ተራው አልደረሰውም፤ አሠልጣኙም ክፉኛ ተተቹ። ይሁን እንጂ ሳላህ ቢመታና ቢያገባ ኖሮ ውጤቱ 4 ለ 3 ከመሆን አያልፍም ነበር። ከሳቱት ሁለት ተጫዋቾች በአንዱ ቦታ ገብቶ ቢሆን ኖሮም፣ የሳተው ተጫዋች ወደ አምስተኛው ቦታ ተሸጋግሮ እዚያው ይስት ነበርና ድምሩ አይለወጥም። አምስቱ መቺዎች ያው እስከሆኑና እያንዳንዳቸውም በየትኛውም ተራ እኩል የሚመቱ እስከሆነ ድረስ ቅደም ተከተሉ ብቻውን አሸናፊውን አይቀይርም።

በዚህ ረገድ የመለያ ምት ከአሜሪካውያኑ ቤዝቦል ይለያል። በቤዝቦል ዘጠኝ ተጫዋቾች በዱላ ኳስ የሚመቱት በዙር እየተመላለሱ በመሆኑ፣ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ተጫዋች በዓመቱ ውስጥ ከመጨረሻው ይበልጥ ብዙ ጊዜ ይመታል። ስለሆነም እዚያ ተራው ራሱ ዋጋ አለው።

እንግዲህ የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ትርጉም የሚኖረው ሰው በየትኛውም ተራ እኩል የማይመታ በመሆኑ ነው። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌር ዮርዴትና ባልደረባቸው ባደረጉት ጥናት፣ ቢገባ ቡድኑን ወዲያውኑ አሸናፊ ከሚያደርጉ ምቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግብ ሲሆኑ፣ ቢሳት ቡድኑን ወዲያውኑ ከሚያሸንፉት ምቶች ግን ግብ የሚሆኑት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ርቀቱ ያው 11 ሜትር፣ ግቡም ያው ግብ ነው፤ የተለወጠው የመቺው መንፈስ ነው።

ቢሳት ሽንፈት የሚያስከትለው ምት ደግሞ በብዛት የሚወድቀው ተከትሎ በሚመታው ቡድን አራተኛና አምስተኛ መቺዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያን ቀድማ ስትመታ፣ የእንግሊዝን አምስተኛ ምት እንዲመታ የተመደበው የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ ነበር። ምቱ በግብ ጠባቂው ሲመለስ ጣሊያን 3 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ጋሬዝ ሳውዝጌት መቺዎቹን የመረጡት እርሳቸው መሆናቸውን ገልጸው ኃላፊነቱን ወስደዋል። በዚያ ውድድር ለመለያ ምት ሲባል በመጨረሻው ደቂቃ ተቀይረው የገቡት ማርከስ ራሽፎርድና ጄደን ሳንቾም ሳይሳካላቸው ቀርቷል። ሰውነቱ ያልሞቀ፣ ኳስ ያልነካ ተጫዋች የተሻለ መቺ ነው ተብሎ ሲታሰብ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ አንጻር አሠልጣኙ ሁለት ዝርዝር ቢይዝ ይመረጣል፤ አንዱ ቡድኑ ቀድሞ ለሚመታበት፣ ሌላው ተከትሎ ለሚመታበት ጊዜ። ተከትሎ በሚመታበት ጊዜ አራተኛውና አምስተኛው ቦታ የሚገባቸው የተረጋጉና ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ናቸው። በመሥሪያ ቤቶች መካከል በሚደረጉ የሠራተኞች ውድድሮች የቡድን መሪ ሆኖ የሚመደበውም ሠራተኛ ቢሆን ከዚህ ውሳኔ አያመልጥም። እዚያ የመጀመሪያውን ምት ለኃላፊው በአክብሮት መስጠት ሊያጋጥም ይችላል፤ በስሌቱ ረገድ ጉዳት የሚኖረው ኃላፊው ከአምስቱ ውስጥ መግባት የማይገባቸው ከሆነ ነው።

ቀድሞ መምታት በራሱ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ አሁን አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ቀድመው የመቱ ቡድኖች 60 በመቶ ያህሉን ማሸነፋቸውን ሲያሳይ፣ ብዛት ያላቸውን ውድድሮች የመረመሩ በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን ይህን ያህል ብልጫ አላገኙም። የደንብ አውጪው ዓለም አቀፍ ቦርድ የመጀመሪያው ጥንድ ምት ካለፈ በኋላ ተራው እንዲገለበጥ የሚያደርግ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 ሞክሮ በ2018 ትቶታል።

ቅደም ተከተል በስሌትም ጭምር ዋጋ የሚያገኘው ከአምስተኛው ምት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ምቱ አንድ ለአንድ በመሆኑና ስድስተኛው መቺ ከሰባተኛው፣ ሰባተኛውም ከስምንተኛው ይበልጥ ለመምታት ስለሚደርሰው፣ ከቀሩት የተሻለው መቅደም አለበት። ሆኖም ብዙ አሠልጣኞች የሚዘጋጁት ለአምስቱ ብቻ ሲሆን፣ ስድስተኛው የሚመረጠው ሜዳ ላይ በዓይን እየተፈለገ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በባታ ከተማ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የአይቮሪ ኮስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቺዎች ስተው ነበር። ምቱ ግን ቀጥሎ እስከ ግብ ጠባቂዎቹ ደረሰ፤ ቡባካር ባሪ የጋናውን ግብ ጠባቂ ምት ካዳነ በኋላ የራሱን አስቆጥሮ ቡድኑ 9 ለ 8 አሸንፏል። ባሪ በተራው አሥራ አንደኛው መቺ ነበር።