ውሻችንን ለማን አደራ እንስጥ?

መከር ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬ ትንሽ ፋታ ያገኛል። ያን ጊዜ ነው ለመንገድ የሚነሣው። አንዳንዱ ታኅሣሥ 19 ቀን ለገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ ይሄዳል። አንዳንዱ ታኅሣሥ 29 ቀን ለልደት ላሊበላን ሊሳለም ይወጣል። ሌላው ዒድን ከዘመዶቹ ጋር ለመዋል፣ ሌላው ለሠርግ፣ ሌላውም ለተዝካር ይሄዳል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ደርሶ መልሱ ሳምንት ይፈጃል።

ለመንገድ ስንነሣ ብዙ ነገር እናስባለን። ስንቅ እንቋጥራለን። ላሚቱን የሚያልብ ሰው እንፈልጋለን። በጎቹን ከጎረቤት መንጋ ጋር እንቀላቅላለን። የቤቱን ቁልፍ ለምናምነው ሰው እንሰጣለን። ውሻውስ? ውሻውን የሚያስታውሰው የለም። «እሱማ ውሻ አይደል እንዴ! የትም ለቃቅሞ ያድራል» ብለን እንሄዳለን።

ይህ አባባል ልክ ነው ወይስ ስሕተት? እስቲ አብረን እንመልከተው። በመጀመሪያ ግን በአንድ መንደር የሆነውን ልንገራችሁ።

የነብሮ ነገር

አንድ ገበሬ ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረው። ነብሮ ጎበዝ ውሻ ነበር። ሌሊት ጅብ ወደ በረት አያስጠጋም። ቀን ከልጆች ጋር ሲጫወት ይውላል። በተለይ አንድ የጎረቤት ልጅ ቁራሽ እንጀራ ስለሚያካፍለው ከእሱ አይለይም ነበር።

ገበሬው ስለት ነበረበትና በታኅሣሥ ወር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቁልቢ ሄደ። ነብሮን ለማንም አደራ አልሰጠም። በመጀመሪያው ቀን ነብሮ ከደጃፍ ተኝቶ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ሲያላዝን አደረ። በሦስተኛው ቀን ራበውና ተነሥቶ ወደ ገበያው ሄደ። እዚያ ከብት የሚታረድበት ቦታ አለ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከዚያ አይጠፉም። ለአጥንት ሲሻሙ አንድ ለሃጩ የሚዝረከረክ ውሻ ነብሮን ጆሮው ላይ ነከሰው። ይህን ያወሩት በኋላ በቦታው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በዚያን ዕለት ግን ውሻው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ቤተሰቡ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ነብሮ ከስቶ፣ ጆሮው ቆስሎ ነበር። ቢሆንም ጭራውን እየቆላ ተቀበላቸው። «ጎሽ ነብሮ!» አሉት። ቁስሉ ዳነ። ነገሩም ተረሳ።

በየካቲት ወር ግን ነብሮ ተለወጠ። ምግብ እምቢ አለ። ከጨለማ ቦታ ይደበቅ ጀመር። ድምፁ ጎረነነ። ለሃጩ ይወርዳል። አንድ ቀን ጧት ያ የጎረቤት ልጅ እንደ ልማዱ ቁራሽ ይዞ ሲጠጋው እጁን ነከሰው።

መንደሩ ተሰበሰበ። አንዱ «መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ውሰዱት» አለ። ሌላው «ቡና ነስንሱበትና በጨርቅ እሰሩት» አለ። የልጁ እናት ግን ማንበብ ከተማረች ወዲህ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብባ ነበር። የማንንም ምክር አልጠበቀችም። ውሃ እያስቀዳች ቁስሉን በሳሙና አጠበችው። ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበችው። ከዚያ ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ገሠገሠች። ልጁ ክትባቱን በየቀጠሮው ወሰደ። ለመመላለሻው ሁለት በግ ተሸጠ። ልጁ ግን ተረፈ፤ ዛሬ ደህና ነው። ነብሮ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ገበሬው እንዲህ አለ፦ «ለላሚቱ ሰው ፈልጌ ነው የሄድኩት። ለውሻዬ ግን አልፈለግሁም። አንድ ሰው ለምኜ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።»

በሽታው ምንድን ነው?

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ቫይረስ ይባላል። በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል። እንስሳው ሲነክስ ወይም ቁስል ሲልስ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሕመሙ ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም እስከ ሦስት ወር ይቆያል። የነብሮ ቁስል ድኖ ሳለ በሽታው ኋላ የመጣው ለዚህ ነው።

ሕመሙ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከጀመረ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሕመሙ ሳይጀምር ግን ክትባት ያድናል። በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ አስከተበ። ልጁም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ ብዙ ሰው ድኗል።

ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸሎቱንና ጠበሉን የሚከለክል የለም። ክትባቱ ግን መቅረት የለበትም። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለና መያዝ ከተቻለ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅ።

አራት መንገዶች

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መንገድ ስንሄድ ውሻውን ምን እናድርገው? አራት መንገድ አለ።

አንደኛው ለቆ መሄድ ነው። የዚህን መጨረሻ አይተናል። የራበው ውሻ ይዞራል። የሚዞር ውሻ ከታመመ ውሻ ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛው አስሮ መሄድ ነው። ይህም ክፉ ነው። ውሃው ይደፋበታል። ገመዱ ይጠመጠምበታል። ፀሐይ ሲዞር ጥላው ይሸሸዋል። ሌሊት ጅብ ቢመጣ የታሰረ ውሻ ወዴት ይሸሻል? ገመድ የሚጠቅመው በቅርብ የሚያየው ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ይዞ መሄድ ነው። በየመንደሩ ያሉት ውሾች ግን ዝም ብለው አያሳልፉትም። የንግሥ ቦታ ደግሞ ሕዝብ ይበዛል፤ ውሻው ይደነግጣል፣ ይጠፋል። ዱር አጠገብ ማለፍም ሌላ ጉዳት አለው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ሌላ የትም የለም። የቀሩት ትላልቆቹ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

አራተኛው ለሰው አደራ መስጠት ነው። የሚሻለውም ይኸው ነው። ግን ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሻውን ወደ ሰው ቤት መውሰድ ነው። ሌላው ሰውየው ወደ ውሻው እየመጣ እንዲያየው ማድረግ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለም? ውሻ ደጁን ይወዳል። ሌላ ቤት ቢወስዱት ገመዱን በጥሶ ወደ ደጁ ይመለሳል። በመንገዱም የማያውቀው ውሻ ይነክሰዋል። ስለዚህ ውሻው በቤቱ ቢቆይ፣ ጎረቤት ጧትና ማታ እየመጣ ቢያበላው ይመረጣል።

ሰው ቤት መውሰድ ግድ ከሆነስ? ከመንገዱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ይዛችሁት ሂዱና ቤቱን አለማምዱት። እዚያው አብሉት። የሚተኛበትን ጆንያም አብራችሁ ውሰዱለት። የራሱ ሽታ ያለበት ነገር ሲያገኝ ይረጋጋል።

ማንን እንምረጥ?

አደራ ከመስጠታችን በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1. ውሻው ሰውየውን ያውቀዋል? ሲያየው ጭራውን ይቆላል ወይስ ያጉረመርማል? በዚህ ነገር ዋናው ዳኛ ውሻው ራሱ ነው።

2. ቤቱ ቅርብ ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ወንድማችሁ ሀብታም ቢሆንም ቤቱ ወንዝ ማዶ ከሆነ በየቀኑ አይመጣም።

3. ሰውየው ያን ሰሞን ቤቱ ነው? እሱም ለዚያው በዓል የሚሄድ ከሆነ አደራው ከንቱ ነው።

4. ትልቅ ሰው ነው? ልጅ ሊያግዝ ይችላል። ውሻውን ለልጅ ብቻ ትቶ መሄድ ግን አይገባም።

5. የራሱ ውሻ አለው? ካለው ተከትቧል? ሁለቱ ውሾች ይስማማሉ?

አደራ የሚቀበለውም ሰው የሚጠይቀው አለ። «ውሻህ ተከትቧል ወይ?» ይበል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ክትባቱ የሚሰጠው በእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ይደገማል። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መንገድ ከመነሣታችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አስከትቡ። የክትባቱን ወረቀት አትጣሉ፤ በደህና ቦታ አስቀምጡት።

ለውሻው የሚበላውን ትታችሁ ሂዱ። የጎረቤትን እንጀራ አታስጨርሱ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዓል ሲሆን በግ ይታረዳል። ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ሲገኝ ለውሻ ይወረወራል። ይህ ልማድ ይቅር። በዚያ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው ሆድ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ይወጣል። በእጅና በምግብ አድርጎም ወደ ልጆቻችን ሆድ ይገባል። ኋላ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። አደራ ተቀባዩም ይህን ይወቅ።

የገበሬው ወረቀት

ያ ገበሬ በዓመቱ ሌላ ቡችላ አሳድጎ ነበር። እንደገና ቁልቢ መሄድ ፈለገ። ታዲያ ማንን ይለምን? ለቤቱ የምትቀርበው፣ ቡችላውም የሚያውቃት ያቺው ልጇ የተነከሰባት ጎረቤቱ ናት። አፈረ። ሁለት ቀን ከደጇ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ገባ።

«እህቴ፣ በምን አፌ እንደምለምንሽ አላውቅም። ውሻዬን አደራ ልሰጥሽ ነው የመጣሁት» አላት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «ወረቀቱን አሳየኝ» አለችው።

የክትባቱን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ተቀብላ ቀኑን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ኅዳር 10 ይላል። በወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ። «እንግዲያው እሺ ወንድሜ» አለች። «ግን ምን እንደማደርግ አንተም ጽፈህ ስጠኝ። በቃል የተነገረ ይረሳል።»

ገበሬው ማታ በኩራዝ ተቀምጦ በገዛ እጁ ይህን ጻፈ፦

«አደራ።
ከታኅሣሥ 15 እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን።
ምግብ፦ ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ዱቄቱ በቅሉ ውስጥ ነው።
ውሃ፦ ሁልጊዜ ይኑረው።
ቀን ይታሰር። ገመዱ ረጅም ይሁን። ጥላ ከዛፉ ሥር አለ።
ሌሊት በረት ውስጥ ይደር።
ጥሬ ጉበትና ሳንባ አይብላ።
ምግብ እምቢ ካለ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ማንም አይጠጋው። በሩን ዝጊና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ንገሪ።»

በታኅሣሥ 24 ቀን ተመለሰ። ውሻው ከበረቱ ደጃፍ ነበር። አልከሳም። ቁስልም የለበትም። ያ ልጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሻ ይፈራል። እናቱ ግን እጁን ያዘችና አብረው ለውሻው ቁራሽ ወረወሩለት።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶች። አደራ ተቀባይ አደራውን መጠበቅ አለበት። አደራ ሰጪም በመጀመሪያ አደራውን መስጠት አለበት። ጥሎ የሄደ ሰው ማንን ይወቅሳል?

ጥያቄዎች

1. ነብሮ በሽታው የያዘው የት ነው? ሕመሙ መቼ ታየ?
2. የልጁ እናት ከሁሉ በፊት ምን አደረገች?
3. እናንተ መንገድ ብትሄዱ ውሻችሁን ለማን አደራ ትሰጣላችሁ? ለምን?
4. የገበሬውን ወረቀት አይታችሁ ለራሳችሁ ውሻ የሚሆን የአደራ ወረቀት ጻፉ።