«ኤንዴሚክ» ማለት «ብርቅዬ» ማለት አይደለም

ቅዳሜ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ኮሶ ዛፍ ሥር ፎቶ ተነሳችሁ እንበል። ካፕሽኑን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ኤንዴሚክ» የምትለዋ ቃል መምጣቷ አይቀርም። ቆይ! ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ቃሏ ከግሪክ ናት፤ «ኤን» ውስጥ፣ «ዴሞስ» ሕዝብ። ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ሲሆን፣ በተፈጥሮው አንድ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ማለት ነው። ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ፣ ከዛፍ ደግሞ ብርብራና ኮርች ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም።

ኮሶስ? አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ስለሆነ የኛ ብቻ ይመስላል እንጂ ኬንያና ታንዛኒያ ተራሮች ላይም ይበቅላል። የሐበሻ ጽድም እንደዚያው። ለነዚህ ትክክለኛው ቃል «ኢንዲጂነስ» ነው፣ በኛ አገር በቀል። ኤንዴሚክ የሆነ ሁሉ አገር በቀል ነው፤ አገር በቀል ሁሉ ግን ኤንዴሚክ አይደለም። እንጦጦን የሞላው ባሕር ዛፍማ ከሁለቱም የለበትም፤ መነሻው አውስትራሊያ ነው፣ የገባውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን።

ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? በኔ ግምት ጥፋቱ የትርጉማችን ነው። ዜናውም ማስታወቂያውም «ብርቅዬ» ይለዋል። ብርቅ ግን እንደ ልብ የማይገኝ ነገር ነው። ለዋልያ ይሠራል፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው፣ የትም አገር የለም። ጭላዳን ግን ስሜን ተራሮች ብትሄዱ በመቶዎች ሆኖ ሣር ሲነጭ ታዩታላችሁ። ኤንዴሚክ ነው፣ ብርቅ ግን አይደለም። «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ» ብንል ትንሽ ይረዝማል እንጂ ስህተት የለውም።

ነገሩ የሚብሰው በሽታ ላይ ስንደርስ ነው። «ማሌሪያ ኢዝ ኤንዴሚክ ኢን ጋምቤላ» ሲባል ወባ ጋምቤላ ብቻ አለ ማለት አይደለም፤ ብርቅ ነው ማለትማ ጭራሽ ተቃራኒው ነው። እዚያ አካባቢ ሁሌም አለ፣ አይጠፋም ለማለት ነው። ድንገት በአንድ አካባቢ ከወትሮው በላይ ሲዛመት «ኤፒደሚክ»፣ ዓለምን ሲያዳርስ «ፓንደሚክ» ይባላል፤ ኮቪድን የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. እንደዚያ ብሎታል።

ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ ለእንስሳና ለዕፅዋት «ኤንዴሚክ ቱ» በሉ፣ ለበሽታ አብዛኛውን ጊዜ «ኤንዴሚክ ኢን»። ስታነቡም ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል እዩ። «ኮራፕሽን ኢዝ ኤንዴሚክ» የሚል ካጋጠማችሁ ሥር የሰደደ ሙስና ማለት ነው። «ብርቅዬ ሙስና» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት ብቻ!