ልጅን የት እናስተምር?

ነሐሴ ሲጋመስ በሸዋ ሮቢት የሚወራው ስለ ዝናብና ስለ ማሾ ብቻ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል። «የመንግሥቱ ሁለተኛ ደረጃ ይግባ ወይስ ከፍለን እናስተምረው?» ይላል። አንዱ ጎረቤት «የመንግሥቱማ ተማሪው ብዛቱ! መምህሩ ስሙን እንኳ አያውቀው» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ተወኝ፣ የግሉስ ዩኒፎርሙ ከማማሩ ሌላ ምን አለው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ክርክር ውሳኔ ላይ አይደረስም።

የግል ትምህርት ቤት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከአብዮቱ በፊትም ነበር። በ1968 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ ባለሀብቶች ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ እንደገና ተፈቀደ። በትናንሽ ከተሞች ይበልጥ የተስፋፋው መዋዕለ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለሕፃናት ጥቂት ክፍልና ጥቂት መምህር ይበቃል። ሁለተኛ ደረጃ ግን ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ለየብቻ መምህር፣ በዚያ ላይ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ይፈልጋል። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እስከ ስምንተኛ ከፍሎ ያስተማረ ወላጅ ዘጠነኛ ላይ ምርጫው ይጠብበታል። «የተሻለ ላግኝ» ካለም ልጁን ጣርማበርን አሻግሮ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደብረ ብርሃን፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርበት ነው።

ወላጆች የግል ትምህርት ቤትን ሲያደንቁ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት እንግሊዝኛን ነው። አልተሳሳቱም። ልጅ በታችኞቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ይህም መልካም ነው፤ በሚገባው ቋንቋ የተማረ ልጅ ነገሩን ፈጥኖ ይይዛል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን የሂሳቡም፣ የታሪኩም፣ የባዮሎጂውም መጽሐፍ እንግሊዝኛ ይሆናል። በይፋት ቆላ በኦሮሞ ወይም በአርጎባ መንደር ላደገ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ጥያቄውን አንብቦ መረዳት አቅቶት ይወድቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚታየው ጉድለት ብዙውን ጊዜ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የጉድለቱን መጠን ለማየት የአገር አቀፉን ፈተና ውጤት መመልከት ይበቃል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲወስዱ ተደረገ። ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት በ2014 ዓ.ም. አምሳ አምሳ ተማሪ ከያዙ ሁለት ክፍሎች ያለፉት ሦስት ተማሪዎች ናቸው እንደ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «በሬውን ሸጬም ቢሆን የግል አስገባዋለሁ» ቢልም ያው ነው።

ሆኖም በሬው ከመሸጡ በፊት ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። እንበልና አንድ የግል ትምህርት ቤት 20 ተማሪ አስፈትኖ 10 አሳለፈ። አንድ ትልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ 800 አስፈትኖ 40 አሳለፈ። በመቶኛ ሲሰላ የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 5 ነው። ነገር ግን የግሉ ትምህርት ቤት ሲጀመር እነማንን ተቀበለ? የመግቢያ ፈተና ሰጥቶ መርጦ ሊሆን ይችላል። ወላጆቻቸው የተማሩ፣ ማታ መብራትና መጽሐፍ ያላቸው፣ ከብት የማያግዱ ልጆች ይበዙበት ይሆናል። የመንግሥቱ ግን በሩን የሚከፍተው ለሁሉም ነው። እነዚያው 20 ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢገቡ ኖሮ ስንቱ ያልፉ እንደነበር ከመቶኛው ማወቅ አይቻልም። በበሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር የትምህርት ቤቱን ሥራ ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ቤት ይናገራል።

አሁን ወደ ኪሱ እንምጣ። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ ነው። የቆላው ገበሬ ገንዘብ ግን በየወሩ አይመጣም። ማሾው ሲሸጥ ይመጣል፣ ማሽላው ሲወቃ ይመጣል፣ በመስኖ የለማው ሽንኩርት ሲነሣ ይመጣል። ሽንኩርት ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ አንድ ዓመት ያነግሣል፣ በሌላው ዓመት የጫኝ እንኳ አያወጣም። ለምሳሌ ክፍያው በወር 800 ብር ነው እንበል። በአሥር ወር 8,000፣ በአራት ዓመት 32,000 ብር ይሆናል። ይህም ዋጋው ባለበት ከቆየ ነው፤ ባለበት አይቆይም። ሽንኩርቱ በወደቀበት ዓመት ልጁ በየካቲት ከትምህርት ቤት ቢወጣ፣ ያ ዓመት ከገንዘቡ ጋር ሄደ ማለት ነው። ከግል ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ መውጣት፣ ከመጀመሪያው የመንግሥት ከመግባት የከፋ ነው።

ግን የመንግሥቱም ቢሆን በነጻ ነው ሲባል ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው እውነት ነው። ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣው ግን ትምህርቱ እንጂ ኑሮው ነጻ አይደለም። ልጁ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፣ ስንቁን ከቤት ያመላልሳል፣ ከሰልና ጋዝ ይገዛል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ አሳቡ ይበረታል። ብቻዋን ተከራይታ የምትኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሩ በደንብ የማይዘጋ ቤት ውስጥ ካደረች፣ ስለ ቤተ ሙከራ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ወላጅ በቅድሚያ ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከዘመድ ቤት ማስጠጋት፣ ካልሆነም አከራይቱን አይቶ፣ አነጋግሮ፣ አደራ ብሎ መከራየት።

ትልቅነትም ጉዳት ብቻ የለበትም። በትልቅ ትምህርት ቤት አንድ የሂሳብ መምህር ቢታመም ሌላ ሊተካ ይችላል። በትንሹ ግን ያው አንዱ ነው፤ እሱ ሲሄድ ትምህርቱም ይሄዳል። የመንግሥት መምህር ደመወዙ ከመንግሥት በጀት ነው፣ የግሉ ደግሞ ከወላጅ ክፍያ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መንግሥትም ግልም አይማርም። ግን ክፍያ ሲቆም የግል መምህራን ኑሮ ፍለጋ ሊበተኑ ይችላሉ፤ ሰላም ሲመጣ እነሱን መልሶ መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚታየው እንዲህ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ አራቱን የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ለመክፈል ከመጣጣር፣ ልጁ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ለእንግሊዝኛና ለሂሳብ ቢወጣ የተሻለ ነው። የማስጠኛ ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ዘጠነኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚረዳ ልጅ በ70 ተማሪ መካከልም ቢቀመጥ መንገዱን አያጣም። ማንበብ የማይችለው ግን በ30ውም መካከል ይጠፋል።

ከመወሰን በፊት ትምህርት ቤቱን ሄዶ ማየት ይገባል። መሄድ ያለበት ግን በምዝገባ ቀን ሳይሆን ትምህርት በሚሰጥበት ተራ ቀን ነው። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ለሁለተኛ ደረጃ የተያዘው መለኪያ 40 ነው። ፊዚክስ የሚያስተምረው በፊዚክስ የተመረቀ ነው? የቤተ ሙከራው ቁልፍ ማን እጅ ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተውስ መቼ ነው? መጽሐፉ ለስንት ተማሪ አንድ ይደርሳል? «እኔ ያልተማርኩ፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ» የሚል ወላጅ አይጥፋ እንጂ፣ እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅና የመምህራን ኅብረት አለ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ መጠየቅ ይቻላል።

ልጁን ከግል ወደ መንግሥት ለማዛወር የወሰነ ሰው መሸኛውንና የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን ቀደም ብሎ በእጁ ቢያደርግ ይሻላል። ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ ካለ መሸኛው ሊዘገይ ይችላልና፣ ሒሳቡን ሐምሌ ላይ መጨረስ ነው። በመስከረም ግርግር መሐል መሸኛ ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው ማሾውንም ሳይሰበስብ ይቀራል።