ዋልያን ፍለጋ ደባርቅ

የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ዋልያ ሲባል የሚያውቀው ብሔራዊ ቡድናችንን ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ካከበርን በኋላ «እውነተኛውን ላሳይህ» አልኩትና ጉዞ ጀመርን። ዳባትን አልፈን፣ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ገባን።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ጎብኚ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይከፍላል፤ መሣሪያ የያዘ ስካውትም ይመደብለታል። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ወላጆች ወፍራም ልብስ አትርሱ። ከተማዋ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጥር ሌሊት ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

በማግስቱ ሳንቃበር ስንደርስ የጭላዳ መንጋ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ልጄ ዳቦውን ቆርሶ ሊወረውር ሲል ስካውቱ እጁን ያዘው። «ተው የኔ ልጅ፣ ከለመደ ሣሩን ትቶ የሰው እጅ ያያል» አለው። ጨነቅ ላይ ደግሞ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ ዋልያዎች ገደል አፋፍ ላይ ቆመው አየን። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ እዚሁ ተራሮች ብቻ ነው። ልጄ ቃል ሳይተነፍስ ቆሞ ቀረ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዘገበ። በ1996 የዋልያ ቁጥር በመመናመኑና ሰፈራው በመስፋፋቱ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። የተከፈለውን ዋጋ የተረዳሁት ግን ማታ ደባርቅ ቡና ስንጠጣ ነው። ቡናውን ያፈሉልን እናት ከፓርኩ መሐል ከነበረው ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት አንዷ ናቸው።

«ግጭን አያችሁት? ሣሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። እዚያ ድረስ አልሄድንምና መልስ አጣሁ።

«እዚህ ለልጆቹ ትምህርት ቤቱም ሐኪም ቤቱም ቀርቧቸዋል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት በጎቼን እቆጥራለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ዋልያዎቹ ናቸው ያስወጧችሁ?» አለ ልጄ።

ሣቁ። «አይ ልጄ፣ እነሱ ምን አደረጉ? ቦታው ለሁለታችን ጠበበን እንጂ።»

ዛሬ ቴሌቪዥኑ «ዋልያዎቹ» ባለ ቁጥር ልጄ ኳሱን ትቶ ወደኔ ይዞራል፦ «እማማ ሄደው ሣሩን አይተውት ይሆን?»