ስለ አይዲ 6 አውቶሞቢል ደረጃዎች

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ቤተሰበ ብዙ ደንበኞች ከሚጠይቋቸው አውቶሞቢሎች አንዱ ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። ይህ ባለሦስት ረድፍ መቀመጫ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በ2013 ዓ.ም. በሻንጋይ ትርኢት የታየና ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዐይነቱ ብዙ ስለ ሆነ፣ አስመጪው በስም ብቻ ዋጋ ቢዋዋል ይጐዳል።

የዋጋው ልዩነት በመጀመሪያ የሚመነጨው ከባትሪው ነው። ፒዩር የተባለው 58 ኪሎዋት ሰዓት ሲይዝ፣ ፕሮና ፕራይም 77 ይይዛሉ። ፕሮ 150 ኪሎዋት ጉልበት ባለው አንድ ሞተር የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ሲያዞር፣ ፕራይም በሁለት ሞተሮች 225 ኪሎዋት አውጥቶ አራቱንም ያዞራል። በዚህም የተነሣ ፕራይም በአንድ ሙሌት የሚሄደው መንገድ ከፕሮ ያንሳል፤ ደንበኛው ግን ውድ የሆነው ሁሉ ሩቅ የሚሄድ ይመስለዋል። በከተማ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ፕራይምን ማቅረብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘቡን ያለ ጥቅም ማስወጣት ነው።

መቀመጫውም ስድስት ወይም ሰባት ይሆናል። ስድስቱ ለመሐል ተሳፋሪ ምቾት አለው፤ ልጆች ለበዙበት ቤት ግን ሰባቱ ይሻላል።

ስለዚህ «አይዲ 6» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፕሮፎርማ ሲመጣ፣ የደረጃው ስም፣ የባትሪው መጠንና የመቀመጫው ቍጥር ተጨምሮ እንዲጻፍ መመለስ ይገባል። የኃይል መሙያው መሰኪያም የቻይናን ደንብ የተከተለ ስለ ሆነ፣ መሙያ የሚሸጡ ባለሱቆች የአውሮፓውን ለዚህ አውቶሞቢል ባያዝዙ ይበጃል።